ፌስታል ከቀረ ምን እንያዝ? ለሰሜን ሸዋ ገበያተኛ የመያዣዎች ንጽጽር

የፌስታል ነገር እያበቃ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ፌስታል ማምረትንም፣ ከውጭ ማስገባትንም፣ መሸጥንም፣ መጠቀምንም ይከለክላል። ለተጠቃሚው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት አለው። የ1999 ዓ.ም. አዋጅ ያነጣጠረው ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ስስ ፌስታል ነበር። የአሁኑ ጠንከር ያለ ነው።

ገበያ ሲወጣ ግን ምርጫው ግራ ያጋባል። አንዱ ነጋዴ «የጨርቅ ቦርሳ» ብሎ ያሳያል፣ ሌላው ዘንቢል ደርድሯል፣ ልብስ ሰፊው ደግሞ ከማዳበሪያ የሰፋውን በረንዳው ላይ ሰቅሏል። ዋጋቸው ይለያያል፣ ጥንካሬያቸውም እንደዚያው። ለሽንኩርት የቱ ይሻላል? ለዱቄትስ? ለእንጀራስ? የማንንም ሱቅ ሳላስተዋውቅ አንድ በአንድ ላነጻጽራቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከምትገዙት በፊት ቤት ውስጥ ያለው ይቅደም። ምክንያት አለኝ።

የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ያወጣው ጥናት መያዣዎችን ከተሠሩበት እስከሚጣሉበት ድረስ አስልቷቸዋል። አዲስ የጥጥ ቦርሳ ለአየር ንብረት ከፌስታል የተሻለ የሚሆነው 131 ጊዜ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ይህም ፌስታሉ አንዴ ተይዞ ወዲያው ከተጣለ ነው። ጨርቅ የሚመስለው ፕላስቲክ 11 ጊዜ ይበቃዋል። ወረቀት 3 ጊዜ። የጥጡ ቁጥር የበዛው ጥጥ ማብቀል፣ መፍተልና መሸመን ብዙ ኃይል ስለሚበላ ነው። ቁጥሮቹ የሚቆጥሩት ወደ አየር የሚወጣውን ጋዝ ብቻ ነው። ፌስታል የበላ በግ እዚያ ስሌት ውስጥ የለም። ቢሆንም አዲስ ቦርሳ መግዛት ብቻውን አካባቢን እንደማይጠብቅ ያሳዩናል። ካረጀ አንሶላ የተሰፋ ቦርሳ ግን ጥጡ ድሮ በቅሎ፣ ድሮ ተሸምኖ አልቋል። የሚጨመርበት ክርና የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ስለ በጉ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በበጋ ነፋስ ፌስታሉን አንስቶ አጥርና ቁጥቋጦ ላይ ይሰቅለዋል። በግና ላም የጨው ወይም የምግብ ሽታ ካገኙበት ይበሉታል። ሆዳቸው ውስጥ አይፈጭም፣ ተጠቅልሎ ይከማቻል፣ ከብቱ እየበላ ይከሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ የተጣለውን ጎርፍ እየጠረገ በሬሳ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። በሬሳ ጀማን ይቀላቀላል፣ ጀማ ዓባይን። ኑሮው በበግ ለሆነ አገር ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

በምን እንመዝናቸው?

ስድስት ነገር አያለሁ። እኩል ክብደት ግን አልሰጣቸውም።

ከሁሉም የማስቀድመው ኪስ ወይም የእጅ ቦርሳ ውስጥ መግባቱን ነው። ብዙ ሰው ጥሩ ዘንቢል አለው፣ ዘንቢሉ ግን ቤት ነው። ሰው ከሥራ ሲወጣ ቲማቲም ያያል፣ እጁ ባዶ ነው፣ ያኔ ፌስታል ይጠይቃል። አብሮ የማይወጣ መያዣ የፈለገውን ያህል ቢጠነክር ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው የሚይዘው ነገር ጠባይ ነው። ከባድ ነው ወይስ ቀላል፣ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ፣ አየር ይፈልጋል ወይስ መታፈን? ሦስተኛው እጥበት ነው፣ በተለይ መድረቁ። ደጋ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ወፍራም ጨርቅ ሰቅሎ ማድረቅ ቀላል አይደለም። አራተኛው ቤት ውስጥ በመርፌና በክር መጠገን መቻሉ ነው። አምስተኛው ሲያረጅ የሚሆነው ነው፤ አፈር ይሆናል ወይስ ተበጣጥሶ ሜዳ ላይ ይቀራል? የመጨረሻው ወጪው ነው። ወጪ ስል ብሩንም የምታጠፉትንም ጊዜ ማለቴ ነው።

የማዳበሪያ ቦርሳ

እህል፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ዱቄት የሚመጣበት ነጩ ማዳበሪያ በየቤቱ አለ። የተሸመነው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። 50 ኪሎ ይዞ ከመኪና ላይ ሲወረወር ችሏል፤ የእናንተን 10 ኪሎ ድንች ይችላል። አየር ያሳልፋል፣ ስለዚህ ሽንኩርትና ድንች አያፍንም። ውሃ ቢነካው በአንድ ሰዓት ይደርቃል። ለክረምት ከዚህ የሚሻል የለም።

አሰፋፉን ዘርዘር ላድርገው፣ ብዙ ቦርሳ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ባለ 50 ኪሎው ማዳበሪያ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ወገቡ ላይ ለሁለት ቁረጡት። የታችኛው ግማሽ ታቹ ተሰፍቶ የመጣ ስለሆነ እሱ የቦርሳው ገላ ነው። የላይኛው ግማሽ ማንገቻ ይሆናል። በመቀስ የተቆረጠ ማዳበሪያ ጠርዙ ክር እየመዘዘ ያልቃል፤ ስለዚህ እሳት ላይ በጋለ ቢላዋ ብትቆርጡት ጠርዙ ቀልጦ ይያያዛል። ይህን ደጅ ወጥታችሁ አድርጉት፣ ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ከዚያ አፉን ወደ ውስጥ አራት ጣት ያህል ሁለት ጊዜ አጥፉና ስፉ።

ለማንገቻው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይበቃሉ። እያንዳንዱን አራት እጥፍ አጥፋችሁ በረጅሙ ስፉት። ጫፎቹ አፉ ላይ ብቻ ከተነካኩ ይመዘዛሉ። ወደ ውስጥ ግማሽ ስንዝር ያህል ይውረዱ። ዙሪያቸውን በአራት ማዕዘን ስፉ፣ መሃሉን ደግሞ በመስቀል። ሸክሙ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ስፌት ላይ ነው። ተራ የልብስ ክር አይችለውም። ሊስትሮዎች ጫማ የሚሰፉበት የናይለን ክር ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ጨምሩ፦ ቦርሳውን ገልብጡና የታችኛውን ማዕዘን ሳብ አድርጋችሁ ሦስት ማዕዘን አስመስሉት፣ ከጫፉ አራት ጣት ገባ ብላችሁ በአግድም ስፉት። ሌላውንም እንዲሁ። ሲገለበጥ ቦርሳው መቀመጫ ያወጣል፣ ሲሞላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንቁላልና ቲማቲም ለሚይዝ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ጥንቃቄው። ማዳበሪያ ሁሉ አንድ አይደለም። የእህል፣ የስኳርና የሩዝ የሆነው ታጥቦ ለማንኛውም ነገር ይሆናል። ዩሪያና ኤንፒኤስ የሚባሉት የአፈር ማዳበሪያዎች የመጡበት ግን ውስጡ ተገልብጦ፣ ተራግፎ፣ በሳሙና ደጋግሞ ይታጠብ። ከታጠበም በኋላ ለሚላጥና ለታሸገ ነገር ብቻ ይሁን፣ ዱቄትና ዳቦ አይግባበት። እጣቢውን ወንዝ ወይም የከብት ገንዳ አጠገብ አትድፉት። ዩሪያ የሟሟበት ውሃ ላምና በግ ይገድላል። ማሳ ላይ ይፈሰስ። መድኃኒት የታሸ ምርጥ ዘር የመጣበትን፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ያለውን፣ ጭራሽ ወደ ቤት አታስገቡት። የፀረ ተባይ መያዣም እንደዚያው ነው፣ ምንም ያህል ቢታጠብ።

ድክመቱ ፀሐይ ነው። ደጋው ላይ ፀሐዩ ቀዝቃዛ ይመስላል እንጂ ለፕላስቲክ ኃይለኛ ነው። አጥር ላይ የተረሳ ማዳበሪያ ከጥቂት ወራት በኋላ ስትነኩት እንደ ገለባ ይፈረፈራል። ያ ፍርፋሪ አፈር ውስጥ ፕላስቲክ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ ታጥቦ ሲደርቅ ወዲያው ወደ ጥላ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሲታጠፍ ኮስተር ይላል። የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ የሱሪ ኪስ ግን አይበቃውም።

ከአሮጌ ልብስ የተሰፋ

ኪስ የሚገባው ይህ ነው። ለእኔ የመጀመሪያውን መመዘኛ ከሁሉም በተሻለ ያልፋል። ግን የቱ ልብስ?

አንሶላ ከሁሉም ይመቻል። ሽመናው ድብን ያለ ነው፣ ዱቄት አያፈስም፣ ቶሎ ይደርቃል። አንሶላ የሚሳሳው መሃሉ ላይ ነው፤ ጠርዙ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነው። ከጠርዙ በኩል ቁረጡ። ከአንድ አንሶላ አንድ ሁለት የገበያ ቦርሳና ለስኳር፣ ለምስር፣ ለጨው የሚሆኑ ትንንሽ ከረጢቶች ይወጣሉ። ወፍጮ ቤት የምትሄዱበትን በድርብ ስፌት ስፉት፣ አለበለዚያ ዱቄት በስፌቱ ቀዳዳ ይወጣል።

ጂንስ ጠንካራ ነው። የሱሪው እግር ተቆርጦ ታቹ ከተሰፋ ረዘም ያለ ቦርሳ ነው፣ ቀበቶ ማስገቢያው ያለበት ወገቡ ደግሞ ጥሩ ማንገቻ ይወጣዋል። ክረምት ላይ ግን ሁለት ቀንም ሦስት ቀንም እርጥብ ሆኖ ይከርማል፣ ይሸትታልም። አንድ ብቻ ካላችሁ አይመከርም።

ካናቴራ መርፌ አይፈልግም። እጅጌውን ቁረጡ፣ አንገቱን ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ታቹን በመቀስ ጣት ጣት ስፋት እየተለተላችሁ የፊቱን ከኋላው ጋር ቋጥሩ። ልጆችም ይሠሩታል። ጨርቁ ግን የሚለጠጥ ስለሆነ ድንች ከተሞላበት ጉልበት ድረስ ይወርዳል። ለዳቦ፣ ለጎመን፣ ለቀላል ነገር ይሁን።

ጋቢና ነጠላስ? አልመክርም። ድሩ የላላ ነው፣ ቁራጩ ይመዘዛል። ያረጀ ነጠላ እንጀራ መጠቅለያ ቢሆን ይሻለዋል። ሞቅ ያለ እንጀራ በፌስታል ሲታፈን ያልበዋል፣ ቶሎ ይሻግታል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ላቡን ይመጥለታል። ከእንጀራ ሻጭ የምትገዙ ከሆነ ሰፊ ትሪና ይህን ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። አገልግል ያለው ቤት ደግሞ ሌላ ነገር መፈለግ የለበትም።

የቤቱ ልብስ ሁሉ ገና የሚለበስ ከሆነ ልብስ ሰፊ ጠይቁ። ከስፌት መኪናው ሥር የሚጠራቀመው ቁርጥራጭ ብዙ ጊዜ የሚጣል ነው። ቁራጭ በቁራጭ ተቀጣጥሎ ቆንጆ ቦርሳ ይወጣዋል። እዚህ ላይ ልብስ ሰፊውም ገቢ ያገኛል።

ዘንቢል

ሁለት ዓይነት ነው፣ ሰው ግን በአንድ ስም ይገዛዋል። አንዱ ከቆላ በኩል የሚመጣው፣ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራው ነው። ሌላው ባለ ቀለም ፕላስቲክ ጥብጣብ የተጠለፈው ነው።

የዘንባባው ሲያረጅ አፈር ይሆናል። ይህ ከሁሉም መያዣ የሚበልጥበት ነጥቡ ነው። ቅርጹን ስለሚጠብቅ ቲማቲም፣ ማንጎ፣ እንቁላል አይጨፈለቅበትም። ለእንቁላል ከታች ጭድ ጣል አድርጉበት። ጠላቱ እርጥበት ነው። እርጥብ ጎመን ይዞ ጨለማ ቦታ ካደረ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ደጋ ላይ ስትይዙት ሁልጊዜ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ስቀሉት።

የፕላስቲኩ ይታጠባል፣ ይሸከማል፣ ለዓመታት ይቆያል። ከገዛችሁት እስኪበጠስ ያዙት እንጂ ቀለሙ ስለጠላችሁ አትቀይሩት። ሁለቱም ግን አይታጠፉም። ቤታቸው ገበያው አጠገብ ለሆነና ሆን ብለው ለአስቤዛ ለሚወጡ ሰዎች ናቸው።

የእጅ ሥራ ከሣር ሲነሳ የመንዝን ጓሳ ሳልጠቅስ አላልፍም። የመንዝ ሰው የጓሳን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያ ያገለግላል። ያ ሜዳ ዛሬም የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ የሆነው ሣሩ ያለ ልክ ስላልታጨደ ነው። ከሣር የተሠራ ነገር ስትገዙ ሣሩ ከየት፣ መቼ እንደታጨደ ጠይቁ። ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ ያለ ጉዳት የመጣ አይደለም።

የባናና የዝተት ቁራጭ

ከበግ ጸጉር የሚሸመነው ይህ ወፍራም ልብስ የእኛው አገር ሀብት ነው። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው፤ ለስስ ሹራብ አይመችም፣ ለባና፣ ለዝተትና ለምንጣፍ ግን የሚስተካከለው የለም። ያረጀ ባና እንደ አንሶላው መሃሉ ይሳሳል፣ ዳሩ ይቀራል። ከዳሩ የሚወጣ ቦርሳ መጽሐፍ፣ ላፕቶፕ፣ ምሳ ዕቃ ለሚይዝ ሰው እጅግ ጥሩ ነው። ጸጉሩ ግጭትን ያበርዳል፣ ካፊያም ቶሎ አያልፈውም።

ለገበያ ግን አልመርጠውም። ይከብዳል፣ አይታጠፍም፣ ጭቃ የነካው ድንች ከገባበት ማጠቡ ፈተና ነው። በሙቅ ውሃ ከታጠበ ይኮማተራል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይታሽ፣ ተጨምቆ ብቻ ይታጠብ። ቁም ሣጥን ውስጥ ከተረሳ ደግሞ ብል ይበላዋል።

ቦርሳ የማይሆነው ቁራጭ የድስት ማልበሻ ይሁን። የፈላ ሽሮ ወይም ክክ ከእሳት ወርዶ በባና ከተጠቀለለ ሙቀቱን ለረጅም ሰዓት ይይዛል። ከሰልም ይቆጥባል። አደራ፣ ደህና በርኖስና ያልተጎዳ ባና ለቦርሳ አትቁረጡ። እነዚህ ተጠግነው የሚለበሱ ናቸው።

«ጨርቅ» እየተባለ የሚሸጠው

ከፌስታል እገዳው ወዲህ በብዛት የምታዩት ይህ ነው። ጨርቅ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ድርና ማግ የለውም፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ የታተመበት ወረቀት ነገር ነው። ይህ ከማዳበሪያው ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፣ አልተሸመነም እንጂ። ለመለየት ጠርዙን በጣታችሁ ፈተሽ አድርጉት። ጨርቅ ከሆነ ክር ይመዘዛል። ይህኛው እንደ ጥጥ ብትን ይላል።

መጥፎ ነው አልልም። ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ ደጋግሞ ከተያዘ ይጠቅማል። ችግሩ እንደ ጨርቅ ታምኖ መገዛቱና እንደ ፌስታል መጣሉ ነው። ስፌቱ ብዙ ጊዜ በሙቀት የተጣበቀ ስለሆነ ማንገቻው ቀድሞ ይለቃል። ካላችሁ፣ ገና ሳይበጠስ ማንገቻውን በመርፌ አጠናክሩት። ከሌላችሁ አትግዙት።

የወረቀት ከረጢትና ቤት ያለው ፌስታል

የወረቀት ከረጢት ለቆሎና ለደረቅ ቅመም ነው። ለሌላው አይሆንም፣ እርጥበት ሲነካው ያበቃል። ጋዜጣ ከሆነ ዘይት ያለው ምግብ አታስገቡበት፣ ቀለሙ ይለቃል።

ከእገዳው በፊት የተጠራቀመውስ? ለእሳት ማቀጣጠያ አይሁን። ፌስታል ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው፣ ድስቱ ደግሞ እላዩ ላይ ነው። በኪሮሽ የሚሠሩ ሰዎች ፌስታሉን በስስ ቆርጠው፣ እንደ ክር አያይዘው ቦርሳና የበር ምንጣፍ ይሠሩበታል። ያምራል፣ ይበረታልም። ጊዜ ግን ይበላል፣ ፌስታልም ብዙ ይፈልጋል። እጃቸው ለዳንቴል የለመደ ሰዎች ቤት ያለውን ለመጨረስ ቢሠሩት ደስ ይለኛል። ለዚህ ብሎ አዲስ ፌስታል መፈለግ ግን ነገሩን መገልበጥ ነው።

በአጭሩ ሲታዩ

| መያዣ | የሚስማማው | የማይስማማው | ኪስ ይገባል? | ክረምት ላይ መድረቁ | ወጪ | ሲያረጅ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የማዳበሪያ ቦርሳ | ድንች፣ ሽንኩርት፣ ከባድ ዕቃ | የዩሪያው ከሆነ ዱቄትና ዳቦ | የእጅ ቦርሳ ውስጥ | በጣም ፈጣን | ክርና ጊዜ | ይፈረፈራል |
| የአንሶላ ቦርሳ | ዱቄት፣ ጥራጥሬ፣ ዳቦ | ጭቃ ያለው፣ የሚያንጠባጥብ | አዎ | ፈጣን | ክርና ጊዜ | ጥጥ ከሆነ አፈር ይሆናል |
| የጂንስ ቦርሳ | ከባድና ደረቅ ዕቃ | እርጥብ ነገር | በጭንቅ | ዘገምተኛ | ክርና ጊዜ | አብዛኛው አፈር ይሆናል |
| የካናቴራ ቦርሳ | ዳቦ፣ ጎመን | ከባድ ዕቃ | አዎ | መካከለኛ | ምንም | እንደ ጨርቁ ዓይነት |
| የዘንባባ ዘንቢል | ቲማቲም፣ ማንጎ፣ እንቁላል | እርጥብ ነገር | አይገባም | ይሻግታል | መካከለኛ | አፈር ይሆናል |
| የፕላስቲክ ዘንቢል | የሳምንት አስቤዛ | ዱቄት | አይገባም | ፈጣን | መካከለኛ | ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል |
| የባና ቦርሳ | መጽሐፍ፣ ምሳ ዕቃ | አትክልት | አይገባም | በጣም ዘገምተኛ | ብዙ ሥራ | አፈር ይሆናል |
| ጨርቅ መሰሉ | ቀላል ደረቅ ዕቃ | ከባድ ዕቃ | አዎ | ፈጣን | ትንሽ | ይፈረፈራል |

ሠንጠረዡ ላይ የሌለው ሥጋ ነው። ለሥጋና ለቅቤ ከእነዚህ አንዱም አይሆንም። ክዳን ያለው ዕቃ ይዛችሁ ሥጋ ቤት ግቡ፣ ባዶውን አስመዝናችሁ። ዘይት፣ ጠላ፣ አረቄም ቢሆን የታጠበ የሃይላንድ ጠርሙስ ወይም ጀሪካን አለ።

ለማን የቱ?

ብር ማውጣት ለማይፈልግ፦ አንድ የማዳበሪያ፣ አንድ የአንሶላ። ሁለቱ አንድ ላይ የገበያውን አብዛኛውን ዕቃ ይሸፍናሉ። የአንሶላው ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ይኑር፣ የማዳበሪያው ለአስቤዛ ቀን። እኔን አንድ መልስ ብቻ ስጥ ብትሉኝ ይህንን ነው የምሰጠው።

ተከራይቶ ለሚኖር ተማሪ፦ የካናቴራ ቦርሳ በቂ ነው። የሚገዛው ጥቂት ነው፣ ስፌት መኪናም የለውም። ከባድ ነገር ሲገዛ ሁለት ካናቴራ አንዱን በአንዱ ውስጥ ይክተት።

ለቤተሰብ፣ የተወሰነ ብር ማውጣት ለሚችል፦ ደጋ ላይ፣ ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ሁለት የማዳበሪያ ቦርሳና አምስት ስድስት የአንሶላ ከረጢት በልብስ ሰፊ አሰፉ። በመኪና ስለሚሰፋ ይጠነክራል። ሸዋ ሮቢትና አታዬ በኩል ያላችሁ የዘንባባውን ዘንቢል ጨምሩ። እዚያ እርጥበቱ ያን ያህል አያስፈራም፣ ቲማቲምና ፍራፍሬውም ብዙ ነው። የማዳበሪያውን ግን ከቆላው ፀሐይ በደንብ ጠብቁ።

ከገጠር ድንች፣ ባቄላ፣ ገብስ ጭኖ ለሚወጣ ገበሬ፦ ማዳበሪያውን ሳትቆርጡ ተጠቀሙበት። በቀዳዳው ላይ ከሌላ ማዳበሪያ የተቆረጠ ቁራጭ ከውስጥ ለጥፋችሁ ስፉ። ለዘር የሚቀመጠው እህል የዩሪያ ማዳበሪያ ውስጥ አይግባ። ቃጫ ጆንያ ካለ እሱ ይቅደም።

ለባለ ሱቅ፦ ደንበኛ መያዣ ረስቶ ይመጣል፣ ይህ አይቀርም። ጥቂት የማዳበሪያ ቦርሳ በመያዣ ብር ስጡና ሲመልሱ ብሩን መልሱ። ቦርሳውም ይመለሳል፣ ደንበኛውም።

ሰፍቶ ለመሸጥ ለሚያስብ፦ መንገዱ አሁን ክፍት ነው፣ በተለይ ስፌት መኪና ላላቸው ወጣቶችና እናቶች። ከዳቦ ቤትና ከጅምላ ሱቅ የዱቄትና የስኳር ማዳበሪያ በቋሚነት ለማግኘት ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዩሪያና ኬሚካል የመጣበትን ከምንጩ ለዩ፣ አንዴ ከተቀላቀለ ገዢ አያምናችሁም። ሁለት መጠን ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ። እያንዳንዱን አዲስ ቅርጽ ለሽያጭ ከማውጣታችሁ በፊት 10 ኪሎ ድንች ሙሉበትና ሚስማር ላይ ሰቅላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ማንገቻው ሥር ያለው ስፌት ከላላ ክሩን ቀይሩና እንደገና ስቀሉት።